የላክሽልኝ ጀርሞች

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ደህና ነው።

በሰው የላክሽው የእንክብል ብልቃጥ ደርሶኛል። ግን ልጄ፣ ግራ ገባኝ። «እማዬ፣ ለሴት ጤና ጥሩ ነው፤ ውስጡ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች አሉ» አልሽኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ስቀቅል፣ ጀርም ስገድል የኖርኩ ሴት፣ ጡረታ ወጥቼ ልዋጣቸው? ለማንኛውም ፍሪጅ ውስጥ ከሎሚው ጎን አስቀመጥኳቸው። አባትሽ «ብርድ እንዳይመታቸው ደርቢላቸው» እያለ ይስቅብኛል። ትናንት አንዱን በሚፋጅ ሻይ ዋጥኩና፣ ገድያቸው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። «ለሁሉም ሴት ይጠቅማል አይባልም። አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ግን ሆዱ እንዳይረበሽ አንዳንዴ አብሮ ይወስደዋል» አለችኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባኝ፤ እኔ አንቲባዮቲክ አልወሰድኩም። ቤት ገብቼ ብልቃጡን ሳገላብጠው ለካ ማሸጊያው እኔ ሳልነካው ቀድሞ ተቀዶ ነበር፤ እንክብሎቹም እኔ ከዋጥኩት አንድ ሌላ ብዙ ጎድለዋል። ከአንቺ የተረፈ ነው እንዴ?

ስትደውይ የኔን ሆድ ብቻ ነው የምትጠይቂኝ፤ እኔም ሞኝ፣ ስለ ሆዴ ሳወራልሽ ካርድሽ ያልቃል።

ፈጣሪ ያለሽበት ድረስ እጁን ዘርግቶ ይዳብስሽ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ። እንክብሎቹን እውጣለሁ፤ ቃሌ ነው። አንቺ ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ምንሽን ነበር ያመመሽ?

እናትሽ