ሳይመረጥ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ዛሬ ጠዋት አብራኝ ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ከሄለን ጋር ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስንገዛ ዱባይ ያለው ወንድማችን ዮናስ ደወለ። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ የሚደውለው ግን ለእሷ ነው። ባንክ ስለምትሠራ መሆኑ ነው።

ያጠራቀመውን ገንዘብ ፈንድ ውስጥ ሊያስገባው አስቧል፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የዓለምን ትናንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን የሚገዛ ነው። አንዱ ፈንድ ሳይመርጥ ከሁሉም ይገዛል፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ሌላው በባለሙያ ያስመርጣል፣ ለዚያም ያስከፍላል። ሄለን "የሚመረጥበት ይሻልሃል" አለችው።

ባለቲማቲሟ ደግሞ "ከመረጣችሁ ዋጋው ይጨምራል፣ ሳይመረጥ ከሆነ በቅናሽ" ትለናለች። ሄለን ዋጋ ጨምራ አንድ በአንድ መረጠች። እኔ ከክምሩ ዝም ብዬ አስመዘንኩ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ "ዮኒ፣ ሳይመረጥ ውሰድ። መራጩ ቢሳሳትም ደሞዙን አይተውም" አልኩት።

"አቦ እትዬ፣ ይሄ እኮ ቲማቲም አይደለም" ብሎ ሳቀ። ሄለንም ሳቀች።

ከሰዓት ለእኔም ደወለልኝ። ሳይመርጥ የሚገዛውን ሊይዝ ወስኗል። "ሄሉ አስባበት መልሳ ደወለችልኝ። መራጩ ቢሳሳትም ደሞዙን አይተውም አለችኝ። ጭንቅላት እኮ ናት" አለኝ።

"ናት" አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። የሄለንን ቲማቲም አንድ በአንድ እያገላበጥኩ የበሰበሰ ፈለግሁ። አንድም የለም። የእኔን ሳላይ ከደንኩት።