የጎመኑ ወዝ

ሰኞ፣ ጥር 18፤ ጠዋት 12፡30
ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ሁለት ቅቅል እንቁላል። ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም። ትናንት ፋርማሲው በር ላይ ያለው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ንቅንቅ አላለም! ሚዛኑ ነው? ወይስ የአጥሚቴን አጃ የሸጠልኝ ሰውዬ የሆነ ነገር ቀላቅሎበታል? አላምነውም። ሐኪሙ ትንሽ እንኳ ብቀንስ የወር አበባዬ ሊስተካከል፣ ልጅም ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኛል። ይኼን የምናውቀው ባሌ ደረጀ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ ማስታወሻዬ። እናቱ እንዳይሰሙ። ከተጋባን አራት ዓመት ሆነ፤ ሆዴን የሚያዩ ዓይኖች በቅተውኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19
ምሳ፣ መምህራን ክፍል። ጥቅል ጎመንና ምስር፣ እንጀራው ግማሽ። የምሳ ዕቃዬን ስከፍት ሰሚራ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አሸተተች። ወላሂ ይኼ የዳይት ሳይሆን የሠርግ ምግብ ነው አለችኝ። ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልሳቅኩም። የሚሠሩልኝ አማቴ እማማ አስካለ ናቸው። ሐኪም ጋራ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን አከራይተው እኛ ጋ ከገቡ ወዲህ ወጥ ቤቱን አያስነኩኝም። ለምን?

ረቡዕ፣ ጥር 20
ጾም። ያው ጎመን፣ ያው ምስር። ዛሬ ግን ሣር ሣር ይላል። ሰሚራም ዞር ብላ አላየችኝም። ያው እጅ፣ ያው ድስት። ምንድን ነው ነገሩ?

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ ከሥራ መልስ
ፍሪጁን ከፈትኩ። ሁለት ሳህን ጎመን። የትናንቱ ጥርት ያለ ነው። የዛሬው ላይ ቢጫ ነገር ረግቷል። በጣቴ ነካሁት። ቅቤ! እማማ አስካለን ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ሳያነሱ የጎመኑ ወዝ ነው አሉኝ። የጎመን ወዝ! እንዲህ ያለ ጎመን ሸዋ በር ገበያ አይቼ አላውቅም። ደረጀ ጠርጣራ ነሽ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ባለፈው እናቱ የጎረቤታችንን ልጅ ሸንቃጣነት ሲያወድሱለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን አወፍረው ሊያስጠሉኝ ነው? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ተቃጥያለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22
ጾም። ምሳው ጠብታ ቅቤ የለበትም። አሁን ገባኝ። እግዜርን አያታልሉም፤ እኔን ግን ያታልላሉ። ነገ ፍስክ ነው። እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ ረፋድ
ገበያ ሄድኩ ብዬ ከበር ተመለስኩ። ያዝኳቸው! ማንኪያው ከነቅቤው የአጃ አጥሚቴ ውስጥ። ጮህኩ። ለትልቅ ሰው የማይባል ነገር ተናገርኩ፤ ከልጅዎ ሊያፋቱኝ ነው አልኳቸው። ማንኪያውን አስቀምጠው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው አወሩኝ። እሳቸውም ከተዳሩ በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አጥተው ነበር። እናታቸው ቅቤ እየመገቡ አወፈሯቸው፤ ደረጀ መጣ። እኔ በሎሚና በእንቁላል ስውል ሲያዩ እንቅልፍ አጡ። የከሳች ሴት ማህፀን አይይዝም ብለው ያምናሉ። እንዳያሳቅቁኝ ስለ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ቅቤውን ብቻ ጨመሩ።
ወጣሁ። አቦከር ሰፈር ድረስ በእግሬ። በጣም አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 25
የነነዌ ጾም ገባ። ሦስት ቀን ቅቤ የለም፤ ማንም ማንንም አይጠረጥርም። ዛሬ ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ የወር አበባዬን፣ ሁሉንም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።
“ታዲያ የኔ ልጅ፣ የከለከልኩሽ እኔ ነኛ?”
አይደሉም፣ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊትም ልጅ አልመጣም ነበር አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። አብረን አለቀስን።
ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ደረጀ ይቅር፤ እሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ። ሐኪሙ በራሱ አፍ ይንገራቸው። ስንመለስ ጎመኑን አብረን እንሠራለን።
ማታ ግን ፍሪጁን ከፍቼ ማየቴ አይቀርም።