የሚካኤል ቲሸርትና የሳሙናው ሰውዬ

ረቡዕ፣ ጥር 6

ከታላቅ ሐዘን ጋር ይነገራል፦ የታችኛው ሰፈር ወጣቶች ክብር ዛሬ ከሰዓት በኋላ በመሐል ሜዳ መነኸሪያ፣ ከአንድ ሚኒባስ ጣራ ላይ በሰላም ከወረደ በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ እኛ ቤት ይምጣ። ንፍሮ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥምቀት የሰፈሩ ልጆች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ሚካኤልን ልናጅብ ተስማማን። ነጭ፣ ደረቱ ላይ የመልአኩ ሥዕል፣ ጀርባው ላይ የሰፈራችን ስም። የላይኛው ሰፈር ልጆች አምና ለብሰው ተጀንነውብናል፣ ዘንድሮ የኛ ተራ ነው ተባለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቴሌግራም ሻጭ አገኘሁ። ብር ተዋጣ፣ ለእኔ ተሰጠ፣ እኔ ላኩ። ለእኔ! በገና ጨዋታ ላይ ሩሩን በድንች ለቀየርኩት ለደምሰው! ሰብሳቢያችን አስቻለው ብሩን ሲያስረክበኝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እባክህ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሁን» አለኝ። ሆንኩ። ሰው ሆኜ፣ ሦስቴ አጣርቼ አዘዝኩ።

ዛሬ ማዳበሪያውን ስፈታ ቢጫ ነው። በጣም ቢጫ። ደረቱ ላይ ዓይንና ጥርስ ያለው ሳሙና ይስቃል። ከሥሩ «እጄን በሳሙና እታጠባለሁ» ይላል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «ከመጸዳጃ ቤት ስወጣም አልረሳም»።

ይህን ለብሰን ታቦት ፊት ልንቆም!

የሚኒባሱ ረዳት በትከሻዬ አሻግሮ አነበበና «ጥሩ ትምህርት ነው» አለኝ። አልመታሁትም። የዛሬ ድሌ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጠዋት ለሻጩ ጻፍኩለት። ስሙን አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ሳሙናው ነው።

«ሰላም ውዴ» አለኝ። ውዴ! እኔን ከእማዬ በቀር ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፣ እሷም ስታመም ብቻ ነው። ዕቃው ተሳስቷል አልኩት። ፎቶ ላኩ። ቀይ ልብ ላከልኝ። ቀጠለና ቀለሙ ግን ያምራል አለ። ስማ፣ ታቦት ነው የምናጅብበት አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገልብጣችሁ ልበሱት ውዴ።»

ይህ ሰውዬ ጭንቅላቱንም ገልብጦ ሳይለብሰው አልቀረም።

ትዕግሥቴ አለቀ። የእማዬን ሙክት በግ ያዝኩና አንዱን ቲሸርት አለበስኩት። ልኩ ነው፤ እንዲያውም ከሻጩ የበለጠ አስተዋይ ይመስላል። ፎቶውን የሳሙናው ቻናል ላይ ከማስታወቂያው ሥር ለጠፍኩት፦ «ደንበኛችሁ ከመንዝ በጥራቱ ረክቷል። እጅ ስለሌለው ብቻ ትንሽ ተቸግሯል።» ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ በጉ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። እማዬ በዚያው ደረሰች። «አንተ የማትረባ! ሰው አልበቃህ ብሎ በጌን?» ስትል ሰማኋት፤ የቀረውን ግን አጥር ዘልዬ ስለነበር አልሰማሁም።

ስመለስ ስልኬን አየሁ። ሳሙናው አግዶኛል። ማገዱስ ይሁን፤ የተጻጻፍነውን ሁሉ ከእኔም ስልክ ላይ አጥፍቶታል። ያዘዝኩት ሥዕል የለም፣ የሰፈሩ ስም የለም፣ ውዴም የለም። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። የቀረኝ ብር መላኬን የሚያሳይ መልእክት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ብደውል አያነሳም።

ፈሪ። አንድ በግ ያስበረገገው ነጋዴ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተሰብስበን ነበር፤ ንፋሱ ግን ፀሐዩን አይሰማም። ቲሸርቱን ዘርግቼ አሳየሁ። ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጠበቅኩ። ከዚያ አስቻለው ዓይኑን እየጠረገ «በል አሁን ዋናውን አውጣው» አለኝ።

ዋናው ይህ ነው አልኩ። እንደገና ሳቁ።

በሚካኤል ብዬ ማልኩ።  

«በመልአኩ ስም ደግሞ አትቀልድ» አለኝ አስቻለው። የተጻጻፋችሁትን አሳየን አሉ። ጠፍቷል አልኩ። «አዎ፣ ሳሙናው አጥቦት ይሆናል» አለ አንዱ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ የእኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ለቀልድ ብዬ እኔው እንዳዘዝኩት አምነዋል። ፍርዱ ይህ ነው፦ ሚካኤል ሲመለስ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ውስጥ ወጥቻለሁ። ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ እያነጠፉ፣ ካለፈ በኋላ እየጠቀለሉ፣ እንደገና ወደ ፊት መሮጥ ነው ሥራው። ሁለት ዓመት ለምኜ ዘንድሮ ነበር የተፈቀደልኝ። አስቻለው ምክንያቱን ሲናገር አልጮኸም፤ «ላምንህ ሞክሬ ነበር» ብቻ አለኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

እስከ ዛሬ በሠራሁት ሁሉ እየሳቁ ያለፉኝ ሰዎች ባልሠራሁት ፈረዱብኝ። ሳሙናው ደግሞ ይኼን ጊዜ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሌላ ሞኝ ቀይ ልብ ይልካል።

እሑድ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ታቦታቱ ወረዱ። የኛ ልጆች የቤታቸውን ልብስ ለብሰው ወጡ፦ አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ጃኬት፣ አንዱ የእግር ኳስ ማልያ። የተበተነ ገበያ ነው የሚመስሉት። የላይኛው ሰፈር ዘንድሮ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ። በአጠገቤ ሲያልፉ አንዱ ጎንበስ ብሎ «ሳሙና ይኖርሃል?» አለኝ። ወሬው ደርሷል ማለት ነው።

እኔ ከኋላ ከእናቶች ጋር ሄድኩ። እማዬ ዘወር ብላ አየችኝና «ምነው ዛሬ ማንንም አልነካህ? አመመህ እንዴ ውዴ?» አለችኝ።

ያን ቃል ስሰማ ሳሙናው ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህ ሰውዬ እኔን አይፈራም፤ የመንዝ ልጅ፣ ብሩን የበላበት፣ ምን ያደርገዋል? ግን የሳሙናውን ቲሸርት ያዘዘ ሌላ ሰው አለ። የሆነ ቢሮ፣ የሆነ ማኅተም ያለው ሰው። እሱን ይፈራል።

ዘዴውን አልጽፈውም። እማዬ ማንበብ ትችላለች።

ሰኞ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ሌሎቹ ታቦታት ዛሬ ገቡ። የኛ ሚካኤል ነገ ነው።

ጠበሉ ተረጭቶ ሰዉ ሲበታተን አስቻለውን ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኩት። ስልክህን ስጠኝ አልኩት።

«ደግሞ ምን ልትሠራ?»

«ድምፁን ክፈትና ዝም ብለህ ስማ። ከዚህ በኋላ ከፈለግህ ሰፈሩን እለቅልሃለሁ።»

ይህን ተስፋ አድርጎ ይመስለኛል የሰጠኝ።

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። የድሮ ርዕሰ መምህራችንን ድምፅ አወጣሁ፤ ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት እውቀት እሱ ብቻ ነው። ሳሙናው አነሳ። እንደምን ዋልክ፣ የሳሙናውን ቲሸርት ያዘዝነው ነን፣ የት አደረስከው፣ ሠራተኞቼ እኮ እጃቸውን ሳይታጠቡ ሊከርሙ ነው አልኩት።

መንተባተብ ጀመረ። «ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ፣ ልጆቹ ማዳበሪያ አቀያይረውብኝ ነው። የእርስዎ ወደ መንዝ ሄዷል፣ የነሱ መልአክ እዚህ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እዚያ ያለው ልጅ ደግሞ ባለጌ ነው፣ ለበግ አልብሶ አሰደበኝ።»

ቁጭ ብሏል! ይህን ሁሉ ቀን፣ ሱቁ ውስጥ፣ ዓይኑ ሥር!

ያን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እጅግ የተከበረ ሰው ነው አልኩት። ከዚህ በላይ ልቀጥል ስል አስቻለው ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አስቻለው እባላለሁ» አለ። «ከመንዝ።»

ሳሙናው በቀጭን ድምፅ «ሄሎ… ውዴ?» አለ።

«ውድህ አይደለሁም። መልአኩን ላክ።»

አስቻለው እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳሙናው ነገ በመጀመሪያው መኪና እጭናለሁ ብሎ ማለ። የሱ መሐላ ዋጋው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

አስቻለው ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ መሬት መሬት አየ። ይቅርታ አላለኝም። «ነገ በጠዋት ምንጣፉ ጋ ና» አለኝና ሄደ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ሚካኤል

መኪናው ሳይደርስ ታቦቱ ተነሣ። ይድረስ አይድረስ ለማየት ጊዜም አልነበረኝም። የምንጣፉን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ዘርጋ፣ ጠቅልል፣ ሩጥ፤ ዘርጋ፣ ጠቅልል፣ ሩጥ። አንዴ ጠርዙ ጠልፎኝ በጉልበቴ ወደቅኩ። አስቻለው በክንዴ ብድግ አደረገኝና «ቀልደኛ፣ ተነሥ» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ማንም ምን እንደለበስን አልጠየቀም። ካህናቱ አላዩም፣ እናቶች እልል ሲሉ ደረታችንን አላነበቡም። የላይኛው ሰፈር ልጆች እንኳ ምንጣፉ ሲያጥር ሰማያዊ ቲሸርታቸውን ለብሰው መጥተው አብረውን ጠቀለሉ።

ቲሸርቱ የደረሰው ሚካኤል ገብቶ ሰዉ ምሳውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ነጭ፣ መልአኩ አለ፣ ስማችን አለ። ልጆቹ እኛ ቤት ለኩት፣ አንድ ፎቶ ተነሡ፣ አጥፈው ይዘው ሄዱ። ቢጫውን በዚያው በሚኒባሱ ረዳት መለስኩ፤ በጉ የለበሰውን አጥቤ፣ በሳሙና። ከሳሙናው ይቅርታ አልመጣም። አንድ ቀይ ልብ ብቻ ለአስቻለው ስልክ መጣ።

እውነቱን ልጻፍ። ሳምንቱን ሙሉ የተንጫጫሁት ለጨርቅ ነበር። ያለ እሱም ሚካኤል ገብቷል፣ እኔም ምንጣፍ አንጥፌአለሁ። ይኸው ነው፣ ትንሽ ነገር ናት። ጉልበቴ ግን የምር አብጧል፤ እማዬን ቅባት ልለምናት።