ሰፈሩን በሙሉ በግራ እጅ ሹራብ ያስተማሩት የእማማ ተርትሪው የሕይወት ታሪክ

ሁላችሁም «እማማ ተርትሪው» እያላችሁ የምትጠሯቸው እህቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ቢሆኑም በግራ እጅ በመሥራት ግን የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታቸው መቀሱን ቀኝ እጃቸው ላይ ያስይዟቸዋል፤ ዞር ብለው ሲመለሱ መቀሱ ግራ እጃቸው ላይ ነው። በመጨረሻ እናታቸው «ልጄን ተዋት፤ እጁ የእሷ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲከታተሉ ከአንዲት ጎረቤት ነርስ ሹራብ መሥራት ተማሩ። የመጀመሪያውን ሹራብ የሠሩት ለታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ይህን ለሚያነብላችሁ ሰው ነበር። አንገቱ ጠቦ አልገባ ሲል ጥፋቱ የጭንቅላቱ ነው ተባለ።

በ1957 ዓ.ም. በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። ጥሪ ጋብ ሲል የሹራብ መርፌያቸው ከመሳቢያው ይወጣል። ቀስ በቀስ ባልደረቦቻቸውም ተማሩ። አለቃቸው አንድ ቀን «ይሄ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ክር ቤት?» ብለው ሊቆጡ ገቡ፤ ደረታቸውን ተለክተው ወጡ።

በ1963 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ነጂው ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ሲበዛ ደግ ሰው ናቸው፤ ክር ግን በእጄ አልነካም ብለው ምለው ነበር። አንድ ቀን እህቴ ባለቤታቸው በሚነዱት አውቶቡስ ተሳፍረው ሳለ አጠገባቸው የተቀመጠ የማያውቁት ሰው የሹራብ እጅጌ ተበላሽቶ የተሠራ ሆኖባቸው እስከ ክርኑ ተረተሩት። ነጂው በመስተዋቱ አይተው እንዳላየ ሆኑ።

ጡረታ ሲወጡ ሳሎናቸው ትምህርት ቤት ሆነ። የፈለገ ይመጣል፣ የመጣ ይማራል። ስሕተት ካዩ ግን ምሕረት ብሎ ነገር የለም፤ «ተርትሪው!» ነው። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ ወጣ። ታዲያ እሳቸው በግራቸው ያሳዩትን ተማሪው ሁሉ በግራው ቀዳ፤ ደንቡ መስሎት አንድም የጠየቀ የለም። ከሌላ ከተማ የመጡ የእጅ ሥራ መምህርት ሳሎኑን አይተው «ይሄ ሰፈር በሙሉ ግራኝ ነው እንዴ?» ብለው ክው አሉ። እህቴም ኮስተር ብለው «ቀኝ እጅማ ሻይ መያዣ ነው» አሏቸው።

በ2013 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። የዚያን ጊዜ ሁላችንም አዘንን። ከታናሺቱ ልጃቸው ሊወለድ ለተቃረበ ሕፃን ሹራብ ጀምረው ነበር፤ ሌላ ሰው ይጨርሰው ቢባሉ በጄ አላሉም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እያዩ ያለቅሱ ነበር። በቀኝ እጃቸው የሚያለማምዳቸው ሰው ቢፈለግ ከሰፈሩ ጠፋ፤ ሁሉንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸዋ!

አንድ ማለዳ ባለቤታቸው መሐላቸውን አፍርሰው በግራ ጎናቸው ተቀመጡ። አንዱን መርፌ እህቴ በቀኝ እጃቸው ያዙ፣ ሌላውን ባለቤታቸው ያዙ። የጭቅጭቁን ነገር አታንሱት!

«ቀስ በል! አውቶቡስ መሰለህ?»

«ወይ ጉድ! አንቺ እያለሽ እኔ ምን ነድቼ አውቃለሁ?»

ይሁንና ጀርባውም ደረቱም አለቀ። ሕፃኗ ግን ማንንም ሳትጠብቅ ተወልዳ ስለፋፋች ሹራቡ ጠበባት። ባለቤታቸው «ተርትረው!» ተባሉ፤ ተረተሩት። እንደገና ተጀመረ፤ ልጅቷ ባደገች ቁጥርም እንዲሁ። ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲነታረኩ ላያቸው፣ አዲስ ሙሽሮች ይመስሉ ነበር።

ሕመሙ ሲጸናባቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ጭንቅላተ ትልቁን ወንድማቸውንና በግራው የሚሠራ አንድ ሙሉ ሰፈር ትተው ሄደዋል።

ሹራቡ አንድ እጅጌ ይቀረዋል። ትናንት ልጆቹ «አባዬ፣ ሁለት እጅ አለህ አይደል? ጨርሰውና ልጅቷ ትልበሰው» አሏቸው። አባት ሁለቱንም መርፌዎች አንሥተው መልሰው አስቀመጡ። «እጅስ አለኝ፤ የሚቆጣኝ ነው ያጣሁት» አሉ።

ፈጣሪ የእህቴን ነፍስ በደጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ። እናንተም ልታጽናኑ ስትመጡ፣ እባካችሁ፣ ከአባወራው አጠገብ ቁጭ በሉና ቆጣ በሏቸው።