ሁለት ካርድ ወይስ አንድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን
ከጥገና ሱቁ፣ መስኮቱ ሥር

ብሎኖቼን ለሰረቀችው ጉንዳን፣

ደኅና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። የላክሽው የድምፅ መልእክት ራሱ ደኅና መሆንሽን ይመሰክራል፤ አራት ደቂቃ ሙሉ ሳይተነፍስ ያወራ ሰው ሳንባው ጤነኛ ነው። እኔም ደኅና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ ዘይት እንደራቀው ማጠፊያ ይጮሃል። አባትሽም አለ። ይህን ስጽፍ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻዩን እያማሰለ ነው። ስኳሩ ከሟሟ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ እሱ ግን ማማሰሉን አልተወም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሱቃችንን ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ የኔ ሽቦ፣ ግማሹ የሱ ቀለም ነው። እኔ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ እሱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የንግድ ሰሌዳ ይጽፋል። በስልክ የማወራውን ሁሉ ይሰማል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ዝምታው ለምን እንዳስፈለገኝ ወደ ታች ስትወርጂ ትደርሺበታለሽ። ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትዘዪ፤ አውቅሻለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄሽን። መሰላሉ ባለቤቱን ፍለጋ ብቻውን ከተማውን የሚዞርበት ፊልምሽ ስድስት ደቂቃ ነው። ለያንዳንዱ ሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው ስምንት ሺህ ስድስት መቶ አርባ። ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው አሮጌው የሥዕል ካርድ አንዱን ሥዕል አጣርቶ ለማውጣት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ቀን ከሌት ሳያርፍ ቢሠራ አራት ወር ማለት ነው፤ ያውም መሐል ላይ ካልተቃጠለ። ስለዚህ አዲስ ካርድ ያስፈልግሻል፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ትልቁ ካርድ ጉልበተኛ ነው፣ ግን ከገበያ ጠፍቶ ወረፋው አራት ወር ነው። ሁለቱን መካከለኛ ካርዶች ደግሞ የሥራ ባልደረባሽ ዛሬውኑ ሊለቅልሽ ዝግጁ ነው።

አጎትሽ በዚህ ጉዳይ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት አበላሽቼ ነው፤ ካበላሸሁት ውስጥ ግማሹ ያንቺ አሻንጉሊት ነበር። ቢሆንም ስሚኝ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት አባቶች ግራፊክስ ካርድ አያውቁም ነበር። ባለ አሥራ ሁለት ጊጋ ማስታወሻ ሁለት ካርድ ብትሰኪ ሃያ አራት ጊጋ አይሆንልሽም። እያንዳንዱ ካርድ ሙሉውን ሥዕል በየራሱ ጭንቅላት መያዝ አለበት፤ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ መሰላል። ሁለት ሰው አንድ ዘፈን ቢያጠና ሁለት ዘፈን አወቁ አይባልም። ጥቅማቸው ፍጥነት ነው፤ አንደኛው አንዱን ሥዕል ሲሠራ ሌላው ቀጣዩን ይይዛል።

ያ የገበያው ትዕይንትሽ፣ ሺህ ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ አሥራ ሰባት ጊጋ ይመዝናል ብለሻል። አሥራ ሁለት ውስጥ አይገባም። ትልቁ ካርድ ግን ሃያ አራት ስላለው ሳያላምጥ ይውጠዋል። ቅዳሜ ጠዋት ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሴ አጭር ነበር፤ ጠብቂ፣ ትልቁን ያዢ፣ ሥራሽን አትቆራርጪ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን መልሴ ተለወጠ።

መልእክትሽን በድምፅ ማጉያው ነበር የከፈትኩት። አባትሽ ተንበርክኮ የጫማ ቤቱን ሰሌዳ እየጻፈ ነበር። «አጎቴ ጨንቆኛል፣ ሁለት ካርድ ይሻላል ወይስ አንድ?» ስትዪ ብሩሹ ፊደል መሐል ላይ ቆመ። አባትሽ በሕይወቱ ፊደል መሐል ላይ ቆሞ አያውቅም።

«ማን ነገራት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የካርዱን ነገር።»

«ጋሼ፣ ራሷ ናት እኮ የምትጠይቀኝ።»

«ሁለት መሆኑን ማን ነገራት ነው የምልህ?»

እኔ ደግሞ ማስረዳት እንደምወድ ታውቂያለሽ። ወንበሬን ሳብኩና ጀመርኩለት። «ሁለት መሆኑ ብዙም አይጠቅምም ጋሼ» አልኩት። «ሁለት ቢሆኑም ውስጣቸው ያለው አንድ ነው።»

አንገቱን ደፋ። «አንብበኸዋላ።»

«አንብቤ ነው እንጂ። አንዱ የያዘውን ነው ሌላውም የሚይዘው። ደግሞ የላይኛው የታችኛውን ትኩሳት እየሳበ ይግላል።»

«ትኩሳት እንኳ የለኝም» አለ አባትሽ።

እሱ ተነሳና ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሁለት ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከብየዳው ብረት አጠገብ አስቀመጠልኝ። የኮምፒውተር ካርድ አይደለም፤ ሁለት የሆስፒታል ካርድ ነው። አንዱ የትልቁ ሆስፒታል፣ ጥጉ የተቀደደ። ሌላው ከባንኩ ጀርባ ካለው የግል ክሊኒክ። የመጀመሪያው ሐኪም የነገረውን አላምንም ብሎ ሁለተኛ ካርድ አወጣ፤ ሁለተኛውም ያንኑ ነገረው። ሁለት ካርድ፣ የያዙት አንድ ነገር። እኔ ያልገባኝን ነገር ለሰው አስረዳለሁ ብዬ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

አሁን የምጽፈውን ረጋ ብለሽ አንብቢ። አባትሽ ወዲያው አስማለኝ። «ይህችን ነገር በስሟ ጠርተህ ለልጄ ብትነግራት ወንድሜ አይደለህም» አለኝ። ማልኩለት። በስሟ አልጠራትም። ግን ሰሌዳ ሲጽፍ ፊደል የሚቆጥር ሰው፣ ሲያስምልም ቃል መቁጠር ነበረበት። ስሟን ላልጠራ ነው የማልኩት፤ ሌላውን ላልጽፍ አይደለም።

ባለፈው ወር የዳቦ ቤቱን ሰሌዳ ጻፈ። «ትኩስ ዳቦ» ነበር የተባለው። «ትኩስ ዳ» ሰሌዳው ላይ፣ «ቦ» ደግሞ ግድግዳው ላይ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው አዲስ አሠራር መስሎት ወደደው፤ እንዲያውም ጎረቤቱ እንደሱ ይሠራልኝ ብሎ መጣ። እኔም ስስቅ ነበር። መንገድ ላይ ከጎኑ የመጣን ሰው ሁሉ ይገጫል፤ አንድ ቀን የመብራት ምሰሶ ገጭቶ «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ አለፈ። በዚህም ሳምንት ሙሉ ስቄበታለሁ። መሰላሉን ሲወርድ እግሩ ደረጃውን እየዳሰሰ ሲፈልግ ዕድሜ ነው ብዬ አሾፍኩበት። ከዚህ ሁሉ ቀልዴ ውስጥ አንዱን እንኳ መልሼ መዋጥ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ትናንት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ነገር አታለባብስም። መሐሉ አለ፣ የሄደው ዳር ዳሩ ነው አለችን። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ቃል አልገባም አለች። ስንወጣ አባትሽን ጠራችና «ለማየት የሚናፍቁት ነገር ካለ ለከርሞ አያሳድሩት» አለችው።

እሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ስድስት ደቂቃ ነው የምፈልገው» አላት። ስለ አንድ መሰላል የተሠራ ስድስት ደቂቃ። እሷ አልገባትም። እኔ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

እንዳትሰሚ የፈለገው ለዚሁ ነው። «ከነገርናት ነገውኑ ሁሉን ጥላ ትመጣለች» አለኝ። «ሦስት ዓመት የለፋችበት እዚያ ይቀራል። እሷን አይቼ ሥራዋን ሳላይ ልቀር ነው?» በዚህ ነገር እውነቱን ነው። አንቺ እሳት ተነሳ ሲሉሽ ውኃውንም ባልዲውንም ትተሽ የምትሮጪ ነሽ።

ስለዚህ አሁን መልሴን ውሰጂ። ሁለቱን ካርድ ያዢ። ዛሬ። እያንዳንዳቸው አንዱን ሥዕል በአሥር ደቂቃ ካወጡ፣ ሁለቱ ተጋግዘው በሠላሳ ቀን ይጨርሳሉ። ትልቁን አትጠብቂ፤ የአራት ወር ወረፋ ለሌላ ሰው ይሆናል፣ ለእኛ አይሆንም።

ገበያው አይገባም ትዪኛለሽ። አዎ አይገባም። ግን የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ የሆቴሉን የጣሪያ ሰሌዳ ሲጽፍ ይህ ሱቅ መቼ በቃው? በሦስት ቆርጦ፣ አንዱን እዚህ፣ አንዱን ግቢው ውስጥ፣ አንዱን መንገድ ዳር አድርጎ ጻፈና ጣሪያው ላይ ገጣጠመው። መጋጠሚያው የት እንደነበር እስካሁን ያወቀ የለም። አንቺም ገበያውን በሦስት ክፈዪው። የሩቁን ሰማይና ሕንፃ ለብቻው፣ ሰሌዳዎቹን ለብቻቸው፣ መሰላሉን ለብቻው አውጪና በኋላ ደርቢያቸው። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ውስጥ ተመችቶት ይተኛል። ጥቂት ቀን ይጨምርብሽ ይሆናል፤ አራት ወር ግን አይጨምርም።

ሁለቱን ስትሰኪ አታጣብቂያቸው፤ መሐላቸው አንድ ቦታ ክፍት ይሁን። የላይኛው የታችኛውን ትንፋሽ እየማገ ይታፈናል። እኔና አባትሽ በልጅነታችን አንድ አልጋ ላይ ስለተኛን ይህንን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አውልቂና ማራገቢያ አዙሪበት። መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ሳታዪ እንዳትጀምሪ፤ ለአንድ የታሰበ ለሁለት አይበቃም። ስንት ዋት እንደሆነ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ማታውኑ እመልስልሻለሁ።

ስትጨርሺ በኢንተርኔት እንዳትልኪው። ይዘሽው ነይ። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አለኝ፤ ባለቤቱ ለጥገና አምጥቶት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመለስ የቀረ። ከትናንት ጀምሮ እየሠራሁት ነው። ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፣ ምን ባደርግ አልመለስ አለኝ። መሐሉ ግን እንደ መስተዋት ነው። ለአባትሽ ይበቃዋል።

እስከዚያው ስትደውዪ ምንም እንዳላወቅሽ ሁኚ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የድምፅሽን ለውጥ ከእኔ በፊት የሚሰማው እሱ ነው፤ ስለዚህ ተቆጪ፣ እንደ ልማድሽ አትብላ አትጠጣ ብለሽ ጨቅጭቂው። ጠብታውን በሰዓቱ የማደርግለት እኔ ነኝ። ደረጃው ሥር የነበረውን ኮተቴን አንስቻለሁ፤ ሃያ ዓመት ለምነሽኝ ያላነሳሁትን። መሰላል ላይ መውጣት ከልክዬዋለሁ፤ ሰሌዳውን መሬት ላይ ይጽፋል፣ እኔ እሰቅላለሁ። እስካሁን ሁለቱን ገልብጬ ሰቅያለሁ። የጫማ ቤቱ ባለቤት አኩርፎኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትሽ ሻዩን ማማሰል ተወ።

«ምንድነው እንዲህ የምታረዝመው?» አለኝ።

«ስለ ካርድ ነው።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

እንደ ድሮው ቢሆን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ የፊደል ግድፈቴን እየለቀመ ያነበው ነበር። አሁን ግን ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ ይጠፋዋል፤ አጣብቄ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ይህም አንዱ ተንኮሌ ነው፣ ግን እንደ ሌሎቹ አላስደሰተኝም። አነበብኩለት። ስለ ጊጋው፣ ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ፓወር ሰፕላዩ። የሆቴሉን ሰሌዳ ሳነብለት ፈገግ አለ። ሌላውን ዘለልኩት። ስጨርስ ገጾቹን በጣቱ ቆጠረና፣ «ሦስት ገጽ ሞልተህ ያነበብክልኝ አንድ ገጽ ነው» አለኝ።

«በትልቁ ስለምጽፍ ነው።»

«አንተ ቀጣፊ» አለኝ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን ጠየቀኝ። ግርጌው ላይ የምታዪው መሰላል እሱ የሣለው ነው። አንዱ እግሩ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል፤ አልጠርገውም። እየሣለ «ሁለቱን ትያዝ በላት» አለኝ። «ቶሎ የሚያደርሰውን።»

መሐላዬን ጠብቄያለሁ። የቀድሞ ደብዳቤዎቼን አውጥተሽ እዪ፤ ሁሉም የሚጀምሩት ሰው የሚሳሳለትን በሚጠራባት በአንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ በሌላ ጠርቼሽ አላውቅም፤ ጉንዳን የምልሽ ስትሰርቂኝ ብቻ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች ብትፈልጊ አታገኚያትም። ስትመጪ በር ላይ ቆሜ እጠራሽባታለሁ፤ ያኔ እሱም ይፈቅድልኛል።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ካርዶችሽን ያቀዝቅዝልሽ፤ መብራት አይጥፋብሽ።

ብሎኖቹን ያልረሳው አጎትሽ