ለተሳታፊ ቁጥር 14 የተሰጡ ሦስት ቃላት

ጂንካ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የመርሳት በሽታ ተመራማሪዎች ሥልጠና አስተባባሪዎች፣

ጤናችሁ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታችሁ፣ እንደምን ሰንብቷል? እናቴና እኔ ደህና ነን ለማለት ባንደፍርም አለን።

ባለፈው ጥቅምት በከተማችን አንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ አልዛይመር በሰጣችሁት ሥልጠና፣ ወጣት ተመራማሪዎች እንዲለማመዱባት እናቴን ጋብዛችሁ ነበር። አሁን ደግሞ ለሁለተኛው ዙር እንዳመጣት ስላስደወላችሁልኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ዕድሜዋን ሙሉ በአሪኛ ያሰበችን ሴት በአማርኛ ስለጠየቃችሁ እናመሰግናለን። ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለች ስትጠየቅ ዝም ማለቷ ለመርሳቷ ማስረጃ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፎቅ ረግጣ የማታውቅ መሆኗን የምንሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ቀኑን ስትጠየቅም የገበያ ቀን ነው አለች። ቅዳሜ ነበር፣ ገበያውም ከመስኮቱ ሥር ይንጫጫል፤ እናንተ ግን ዜሮ ሰጣችኋት።

2. ሦስት ቃላት ነግራችኋት ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንጠይቅዎታለን ስላላችኋትም እናመሰግናለን። ወዲያው የሻይ ዕረፍት ሆነ፣ ከሻይ በኋላ ወደ ሌላ ርዕስ ተሻገራችሁ፤ እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሻሿን አስራ ደጃፍ ትቀመጣለች። ቃላቱን ረስታቸዋለች፤ ጠያቂዎች እንደሚመጡ ግን አልረሳችም።

3. በሽታው እውነት ነው። እናቴ እየረሳችኝ ነው። ባለፈው ወር ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፍራ ካኮ ከተማ ወርዳ፣ ደግ ሰዎች መለሱልኝ። ከቤት ወጥታ እንዳትጠፋብኝ ምን ላድርግ ብዬ በሥልጠናው ዕለት ስጠይቃችሁ፣ ጥያቄው ከሥልጠናው ዓላማ ውጪ መሆኑን በትሕትና አስረዳችሁኝ። ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ፤ ያለኝ ንዴት ብቻ ነው።

ስለዚህ እናቴ ለሁለተኛው ዙር አትመጣም። አሪኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ቤታችን ከመጣችሁና እንዴት እንደምጠብቃት መጀመሪያ ለእኔ ካስተማራችሁኝ፣ እሷ እሺ እስካለች ድረስ ትጠይቋታላችሁ። ያለዚያ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ለሳይንስ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለእናንተ ያለኝ ግን ገና በጥናት ላይ ያለ፣
የተሳታፊ ቁጥር 14 ልጅ
አይናለም

ከፊርማ በኋላ፦ ቃላቱ ፖም፣ ጠረጴዛ እና ሳንቲም ነበሩ፤ በእናቴ ፈንታ እኔ ይዤላችኋለሁ። በተራዬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ የእናቴ ስም ማን ነበር? ስምንት ወር ሰጥቻችኋለሁ። እንዳትኮርጁ ብዬ ከደብዳቤው ውስጥ አውጥቼዋለሁ።