የሽግግር መንግሥቱን በቀጠሮው ቀን አስረክበው ወደ ክፍላቸው ስለተመለሱት መምህራችን

የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍላችን መምህርና ተመራማሪ፣ ለአሥራ አራት ወራትም የሽግግር መንግሥቱ መሪ የነበሩት ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለሠራተኞቻችን፣ ለቀድሞና ለአሁን ተማሪዎቻችን እንዲሁም ለሕዝቡ የምናሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በክፍላችን እንዲህ ያለውን መግለጫ ሲያርሙ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። የዛሬው በእጃቸው ሳያልፍ በመውጣቱ ለሚገኝበት ጉድለት አንባቢን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

መምህራችን በዚህ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። የሚያስተምሩት ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ ባለውና መስኮቱ አልዘጋ በሚለው ክፍል ሲሆን፣ መስኮቱን በታጠፈ ጋዜጣ ወትፈው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይጀምሩ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ከኋላ መቀመጥ የሚወዱ ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ ወደ ፊት ይመጣሉ። ቀይ እስክሪብቷቸው ከኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የስብሰባ ጥሪ እንኳ ሳያርሙ አያልፉም። ውሃ ቀጠነ ይላሉ እያልን ብዙ ጊዜ አምተናቸዋል፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

በማስተማር ሥራቸው አሥራ ሁለተኛ ዓመት ላይ አርባ አንድ ጊዜያዊ መንግሥታትን መርምረው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ምዕራፍ ሰባት፣ በጊዜያዊነት የመጣ መሪ አልወርድም የሚልባቸውን አምስት ምክንያቶች ይዘረዝራል፦ አገሩ ገና አልተረጋጋም፤ የተጀመረው ሥራ አላለቀም፤ የሚተካው ሰው አይታመንም፤ ሕዝቡ ራሱ ይቆዩልን ብሏል፤ ከእኔ ሌላ ማን አለ። ይህን ምዕራፍ እኛ ባልደረቦቻቸው በየዓመቱ አስተምረናል፣ ፈትነንበታል፣ በእሱም ብዙ ተማሪ ጥለናል።

በሃያ አምስተኛው የማስተማር ዓመታቸው በሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት ወደቀ። ፓርቲዎቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሳምንት ተቀምጠው በማንም መስማማት ቢያቅታቸው በመጨረሻ በእሳቸው ተስማሙ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ሁሉም እኩል ስለማይወደኝ ነው» ይሉ ነበር። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የሆኑት ባለቤታቸው ዜናውን የሰሙት ደንበኛ እያስተናገዱ ሲሆን፣ ማታ ቤት ሲገቡ «ሁለት ልጆችህን በአንድ ቴሌቪዥን ማስማማት ያቃተህ ሰውዬ፣ አገር ላስማማ ነው የምትለው?» ማለታቸውን መምህራችን ራሳቸው በየአጋጣሚው ነግረውናል። በማግስቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የሥልጣናቸውም ዘመን አሥራ አራት ወር ብቻ እንዲሆን በመሐላው ውስጥ አስገቡ።

በሽግግሩ የመጀመሪያ ወር ክስ ሳይመሠረትባቸው የታሰሩ ሰዎች እንዲለቀቁ አዘዙ። በአራተኛው ወር የምርጫ ቦርዱ ከየትኛውም ፓርቲ ውጭ በሆኑ ሰዎች ተቋቋመ። በዘጠነኛው ወር የመራጮች መዝገብ በየሰፈሩ ተለጥፎ ማንም ስሙን ፈልጎ እንዲያይ ተደረገ። የሚኒስትሮችን ቃለ ጉባኤ ሁሉ በቀይ እያረሙ ይመልሱ ስለነበር አንድ ሚኒስትር «ከሥራ ይልቅ የቤት ሥራ በዛብኝ» ማለታቸው ይታወሳል።

በአሥራ ሁለተኛው ወር ምርጫው ሲቃረብ ግን ይቆዩ የሚለው ውትወታ በረታ። ነጋዴዎች ጻፉላቸው፤ የጦር መኮንኖች ጻፉላቸው። እኛም ጻፍንላቸው። ይህን ከመናገር ዝም ማለት ይቀለን ነበር፤ ሆኖም የሕይወት ታሪካቸውን እየጻፍን ይህን መዝለል አግባብ አይደለም። የሚተኳቸውን ሰዎች ፈርተን፣ ሃያ ሦስት መምህራን ዓይናችንን በጨው አጥበን ፈረምን። ደብዳቤያችን ከአምስቱ ምክንያቶች ሦስቱን ይዟል። ሲጻፍም ሲፈረምም ከመካከላችን ይህን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም።

ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። በሦስት ቦታ በቀይ ተሰምሮበት ኅዳጉ ላይ «ምዕራፍ ሰባትን ይመልከቱ»፣ ከግርጌውም «በድጋሚ ይሠራ» ተብሎበት ነበር።

አሥራ አራተኛው ወር በሞላ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለተመረጠው መንግሥት አስረከቡ። ሾፌራቸው «ወዴት እንሂድ ጌታዬ?» ቢሏቸው «ክፍል አለኝ፣ ረፍዶብኛል» አሉ። እኛ ግን ይመለሳሉ ብለን ስላልጠበቅን ጠረጴዛቸው ላይ የፎቶ ኮፒ ማሽን አስቀምጠን ነበር። ማሽኑን ቆም ብለው አዩትና «እሱስ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ?» ብለው ጠየቁ። ለሁለት ወር ያህል በፈተና ኮሚቴው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሠሩ፤ ሳያጉረመርሙ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ አምስት ዓመት አስተማሩ። ከወጡም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት እየመጡ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ያነቡ ነበር።

ለዚያ ደብዳቤ በጽሑፍ ይቅርታ እንድንጠይቃቸው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በዚያው ዓመት ተቋቁሟል። ኮሚቴው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስቧል። አንዱ መግቢያው ይርዘም ሲል፣ ሌላው ሁኔታው በዝርዝር ይብራራ ሲል፣ ሦስተኛው ለቃላት ምርጫው ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ሲል ረቂቁ ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። እንደ እኛ ያለ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው። እሳቸው ኮሪደር ላይ ሲያገኙን «ኮሚቴው እንዴት ነው?» ይሉን ነበር፤ እየሳቁ ስለሚጠይቁን እኛም እየሳቅን እናልፍ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ለለቅሶ ቤታቸው በሄድንበት ጊዜ ባለቤታቸው አንድ ነገር ነገሩን። «የሌሎቹን ደብዳቤ በመጣበት ቀን ፋይል ውስጥ ይከተው ነበር» አሉን። «የእናንተን ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ አቆየው። ቁርስ እየበላ ያነበዋል፤ መልሶ ያጥፈዋል። ‹እነሱ ካሉማ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ?› ይለኝ ነበር። እስክሪብቶውን ያነሳው በዘጠነኛው ቀን ነው።»

ያን ቀይ ቀለም ለዓመታት እንደ ጨዋታ ስናወራው ኖረናል። ዘጠኙን ቀን አናውቅም ነበር። የጦር መኮንኖቹ ያላስጨነቋቸውን ሰው እኛ አስጨንቀናቸው ነበር፤ ይህም ስለሚወዱን ነው። ወደድናቸው፣ አከበርናቸው፣ በምናስፈልጋቸው ሰዓት ግን ብቻቸውን ተውናቸው።

ትምህርት ክፍላችን ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለታላቅ እህታቸው፣ በሽግግሩ ወራት አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉና ያችን ቀዝቃዛ ክፍል ለተካፈሉ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ከልብ ይመኛል።

ኮሚቴው ትናንት ለሃያኛ ጊዜ ተሰብስቦ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ጨርሷል። ከሃያ ሦስቱ ፈራሚዎች በሕይወት ያለነው አሥራ ዘጠኛችንም ፈርመንበታል። ሙሉ ቃሉ የሚከተለው ነው፦

መምህራችን፣ የተሳሳትነው እኛ ነበርን።